ጭንቅላትሽ አልደነዘዘም፣ እህቴ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከቡሬ ነው። ዕድሜዬ 41 ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ 15፣ ትንሹ 12 ዓመታቸው ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አገባሁና ትምህርቴ ቀረ። ዘንድሮ ግን አንድ ኮሌጅ ገብቼ ሂሳብ አያያዝ ጀመርኩ። የምንማረው ቅዳሜና እሁድ ነው። አብረውኝ የሚማሩት በልጄ ዕድሜ ያሉ ናቸው ማለት ይቻላል። መምህሩ ሲያስረዳ ይገባኛል። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን ጠብ አይልልኝም። ልጆቹ ሲተኙ ቡና ጠጥቼ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እቀመጣለሁ። ፊደሉ ይደበዝዝብኛል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለጓዳ ሥራ እነሳለሁ። ያነበብኩትን በማግስቱ አላስታውሰውም። ባለፈው ፈተና ላይ ወረቀቱን ሳየው ሁሉም ነገር ጠፋብኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ። ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ደግሞ እየቀረበ ነው። ጭንቅላቴ ደንዝዟል መሰለኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ሳነበው አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈለግኩ። ሱቅሽ ውስጥ የዱቤ ደብተር አለ አይደል? የሱቅ ሰው ያለ ዱቤ ደብተር አይውልም። እስኪ ደብተሩን ሳትገልጪ አስቢ። ያቺ ጎረቤትሽ ስንት አለባት? ያ የጋሪ ነጂ ባለፈው ሳምንት ምን ወሰደ? ከፍሎ የጨረሰው ማነው? እየጎተተ የሚያስቸግርሽስ?

ይኸው፣ ሁሉም በቃልሽ አለ። ስሙም፣ ብሩም፣ ቀኑም። የደነዘዘ ጭንቅላት ይህን አይዝም።

ስለዚህ ትምህርቱን አትተዪው። የሚለወጥ ነገር አለ፤ እሱም አንቺ ሳትሆኚ ቀንሽ ነው። አሁን ለትምህርት የሰጠሽው ሰዓት ቀኑ ተሟጦ ካለቀ በኋላ የቀረውን ነው። ጉልበትሽ ባለቀበት፣ ዓይንሽ በደከመበት፣ እንቅልፍሽ በመጣበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ማን ቢቀመጥ ጠብ ይልለታል?

ከራሴ ልንገርሽ። ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ 38 ዓመት ሲሞላኝ፣ በትምህርት አስተዳደር ዲግሪዬን በርቀት ልማር ተመዘገብኩ። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ሞጁሌን ይዤ እቀመጣለሁ። ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። ገጹን ሁሉ አሰምርበታለሁ፣ ደግሜ አነበዋለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በሻማ ሳነብ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት በጭስ ሽታ ነው። የሞጁሉ ጥግ ነዶ ነበር፤ የጋቢዬም ጫፍ እየጨሰ ነበር። ልጆቼ ከጎን ባለው ክፍል ተኝተዋል። ያን ቀን የተሰማኝን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በዚያ ወሰነ ትምህርት ሁለት ኮርስ ወደቅኩ።

ሆዴ ቢብሰኝ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ ዋሸራ ድረስ ሄደው ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። «እስኪ መጽሐፉን አምጣው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ከደኑትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መዳፋቸውን ከላዩ ላይ ጫን አደረጉበት። «በል ንገረኝ» አሉኝ። ማታውን ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ምዕራፍ ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳልሞላ ቆምኩ። «አየኸው እንጂ አልተማርከውም» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። መጽሐፉንም አልመለሱልኝም። «የያዝከውን ያህል ስትነግረኝ ትወስደዋለህ» ብለው እዚያው ይዘውት ቆዩ።

ቅኔ ቤት እንዲህ ነው የሚኬደው። ጀማሪው ተማሪ ስምንት ቤት፣ ማለትም ስምንት ስንኝ፣ ያለውን መወድስ የሚባል ቅኔ አይጠየቅም። የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይነግራል። ከተሳሳተ ይታረማል፤ በማግስቱ እንደገና ይቆጥራል። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን በየቀኑ ነው፤ ከአፉም መውጣት አለበት። ጎጃም ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንቱን ያወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ፈረንጆቹም በሌላ መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ራሱን እየፈተነ የመርሳትን ነገር አጥንቶ በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሰው አዲስ ነገር ሲይዝ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን እንደሆነ አየ። ቀናት እየለየ ሲከልሰው ግን መርሳቱ እየዘገየ ይሄዳል። እንግዲህ ያነበብሽው በማግስቱ መጥፋቱ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ሞከሩ። አንደኛው ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ ከደነና የያዘውን በራሱ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ከድኖ የጻፈው ብዙ አስታወሰ። አየሽ፣ ደጋግሞ ማንበብ ለጊዜው የያዝነው ያስመስለናል። ፈተና ክፍል ስንገባ ነው የሚጋለጠው።

አሁን ወደ ሱቅሽ እንመለስ፤ ትልቁ ሀብትሽ ያለው እዚያ ነው። አብረውሽ የሚማሩት ልጆች ዴቢትና ክሬዲትን፣ የሂሳብ መዝገቡን ግራና ቀኝ፣ የሚያውቁት በወረቀት ነው። አንቺ ግን በየቀኑ ትኖሪበታለሽ። አንድ ደንበኛ የ200 ብር ስኳር በዱቤ ወሰደ እንበል። የዱቤ ደብተርሽ ላይ ስሙንና ብሩን ትጽፊያለሽ። በሂሳብ አያያዝ ቋንቋ ያ ሰው ያለበት ብር ተሰብሳቢ ሂሳብ ይባላል። ያንቺ ሀብት ስለሆነ ሲጨምር ዴቢት ይደረጋል። ሽያጩ ደግሞ ገቢ ስለሆነ ክሬዲት ይደረጋል። 200 እዚህ፣ 200 እዚያ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ።

እንዲህ አድርጊ። ከሱቁ ጠረጴዛ ሥር አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር አስቀምጪ። በቀን ሦስት ሽያጭ ወይም ግዢ ምረጪ፤ ከሦስት አትበልጪ። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል፣ የማስተማሪያ መጽሐፉን ሳትገልጪ፣ ዴቢቱንና ክሬዲቱን ጻፊ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ገልጠሽ አመሳክሪ። የተሳሳትሽውን በቀይ እስክሪብቶ አርሚው። በማግስቱ ጠዋት የምትጀምሪው ከዚያች ከቀይዋ ነው። ዘይት አከፋፋዩ በዱቤ ሲያራግፍልሽ፣ የሱቅ ኪራይ ስትከፍዪ፣ ከመሳቢያው ለቤት ወጪ ብር ስታወጪ፣ ሁሉም ጥያቄ ነው። ለቤት የምታወጪው ብር በሂሳብ አያያዝ የራሱ ስም አለው። ፈልጊና አግኚው። ወር ሳይሞላ ልዩነቱን ታዪዋለሽ ብዬ አምናለሁ።

ለማንበብ የምትቀመጪበትን ሰዓት ግን ማታ አታድርጊው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝተሽ በ10 ሰዓት ስትነሺ አራት ሰዓት ነው የምትተኚው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልገዋል። እንቅልፍ የባከነ ጊዜ አይደለም። ቀን የተማርሽው አእምሮሽ ውስጥ ቦታ ቦታውን የሚይዘው ተኝተሽ ሳለ ነው። አንቺ የምታደርጊው እህሉን አጭዶ ጎተራ ሳያስገቡ ዝናብ ላይ እንደመተው ነው። ከምሽቱ 3፡30 ተኝተሽ ከሌሊቱ 10፡30 ብትነሺ ሰባት ሰዓት ይሞላልሻል። ቤቱ ጸጥ እንዳለ፣ እሳት ሳትጭሪ፣ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት ለመጽሐፉ ስጪ። አሥር ደቂቃ አንብቢ። ክደኚው። ባዶ ወረቀት ላይ የያዝሽውን ጻፊ። ከዚያ ምን እንደቀረ እዪ። በቃ። የዚያች ግማሽ ሰዓት ጥቅም ሌሊት ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ ይበልጣል፤ ይህን ከራሴ አይቼዋለሁ።

ቡናውን ተዪ አልልሽም። ጎጃም ውስጥ ቡና ተዪ ብሎ የሚመክር ሰው ማንም አይሰማውም፤ እኔም አልፈልገውም። ሰዓቱን ግን ቀይሪው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከአምስት ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠጣሽው በረካ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ አብሮሽ አለ። ዓይንሽ ቢከደን እንኳ እንቅልፍሽ ሙሉ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሳያልፍ ጠጪው። ደግሞ ቡናው ሌላም ጥቅም አለው። ጎረቤቶችሽ ሲሰበሰቡ ሳምንቱን የተማርሽውን አንዲት ነገር ንገሪያቸው። ትርፍና ገቢ ለምን እንደሚለያዩ ለማታውቅ ሴት ማስረዳት ከቻልሽ፣ ገብቶሻል ማለት ነው። ስታስረጂ ከተደናቀፍሽ ደግሞ የተደናቀፍሽበትን ቦታ አገኘሽው። ከሰው ጋር መጫወትም በራሱ ጤና ነው። ትምህርት ስለጀመርሽ ብቻ ከቡና አትቅሪ።

«ፊደሉ ይደበዝዝብኛል» ያልሽውን ሳላነሳ አላልፍም። 41 ዓመትሽ ነው። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የቅርብ ነገር ማየት ለብዙ ሰው ይከብደዋል። የዓይን ምስር እንደ ልጅነቱ አይተጣጠፍም፤ በሽታ አይደለም። እስኪ መጽሐፉን ከፊትሽ ራቅ አድርገሽ ያዢው። ራቅ ስታደርጊው ፊደሉ ከጠራልሽ ምልክቱ እሱ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባትስ አስቸግሮሽ ልጅሽን ትጠሪያለሽ? ጤና ተቋም ሄደሽ ዓይንሽን ታዪ። ምናልባት አንድ የማንበቢያ መነጽር ብቻ ይሆናል መፍትሔው። ስንቱ ሰው መነጽር አጥቶ «ትምህርት አልገባኝም» ብሎ ተወው መሰለሽ! እኔ ሳስተምር እንዲህ ያሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እዚያው ሳለሽ ደም ማነስና ደም ግፊትም ይዩልሽ፤ ድካሙ የመጣው ከእንቅልፍ ማጣት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሐዘኑና ልቅሶው ከሁለት ሳምንት በላይ አልለቅ ካለሽም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። እሱም እንደማንኛውም ሕመም ይታከማል።

ከቤት ሱቅሽ በባጃጅ ነው የምትሄጂው? ከሆነ መሄጃውን በእግርሽ አድርጊው። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ ከሄድሽ በአምስት ቀን ይሞላል። ለልብም፣ ለእንቅልፍም፣ ለመንፈስም ይጠቅማል። መንገዱ ደግሞ ያንቺ ወንዝ ዳር ይሁን። ጠዋት ያነበብሽውን እየሄድሽ ቁጠሪው። «ሀብት ሲጨምር ዴቢት፣ ዕዳ ሲጨምር ክሬዲት፣ ካፒታል ሲጨምር ክሬዲት።» ከንፈርሽ ቢንቀሳቀስ ሰው ዳዊት የምትደግሚ ይመስለዋል፤ ማንም አይጠይቅሽም።

ጠዋት ሳትበዪ አትውጪ። ጾም ከሆነ ደግሞ ስትፈቺ ሽሮም ሆነ ምስር ያለበት ምግብ ይሁን፤ ሻይ በዳቦ ብቻ ቀን አያስውልም። ውኃ ከጎንሽ አይጥፋ። ስልክሽን ማታ ከምትተኚበት ክፍል ውጭ ቻርጅ አድርጊው።

አሁን ከባዱን ነገር ልንገርሽ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የምትነሺው «ለጓዳ ሥራ» ነው ብለሻል። ስለ ባለቤትሽ ግን አንዲት ቃል አልጻፍሽም። አብሮሽ ካለ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት። ወንድሜ፣ ይህች ሴት ሱቅ ትከፍታለች፣ ቤት ትይዛለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ትማራለች። ነገ የምታመጣው እውቀት የሱቁ ነው፤ ሱቁ ደግሞ የሁላችሁም ነው። ውኃ መቅዳትና ሱቅ መዝጋት ላይ እጅህን አበድራት። የ12 ዓመት ልጅ ሳህን ማጠብ ይችላል። ወንድ ስለሆነ አይከብደውም። የ15 ዓመቷ ደግሞ ራሷም ተማሪ ናት፤ ሥራውን ሁሉ እሷ ላይ አትጫኑባት። ተካፈሉት። እንጀራውን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መጋገር ከተቻለ ደግሞ ሌሎቹ ጠዋቶች ይቀልላሉ።

ከሴት ልጅሽ ጋር አንድ ነገር ሞክሪ። ማታ ከራት በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡ። መጽሐፍሽን ስጫትና ከድና ትጠይቅሽ። አንቺም የእሷን ደብተር ይዘሽ ጠይቂያት። እናቷ ተሳስታ ስትታረም ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ስህተት እንደማያሳፍር የምታውቀው ከዚያ ነው። እኔ ከአባቴ ያገኘሁት ይኸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሁዱ እየሄድኩ ነገርኳቸው። ስለ ትምህርት አስተዳደር አንድም ነገር አያውቁም ነበር። መጽሐፉን ከድነው ይይዙታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ የተንተባተብኩበት ላይ ሲደርሱ «እዚህጋ ተመለስ» ይሉኛል። ሁለቱን የወደቅኩባቸውን ኮርሶች በሚቀጥለው ዓመት አለፍኩ።

አንድ ነገር እንዳያስቸኩልሽ። ልማድ በሳምንት አይያዝም። ለንደን ውስጥ ተጠንቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። አዲስ ነገር ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል። በ18 ቀን የያዘም አለ፤ ለአንዳንዱ ደግሞ 254 ቀን እንደሚፈጅ ተገምቷል። ልቤን ያሳረፈው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰባቸውም። ለቅሶ ይኖራል፣ ሰርግ ይኖራል፣ ልጅ ይታመማል። የዘለልሽውን ቀን እዳ አድርገሽ አትቁጠሪው። በማግስቱ ከሌሊቱ 10፡30 ላይ መጽሐፉ እዚያው አለ። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አትጀምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፉን ብቻ አስተካክዪ። በሁለተኛው የጠዋቷን ግማሽ ሰዓት ጨምሪ። የሱቁን ደብተር በሦስተኛው። መንገዱ ራሱ ይመጣል።

ፈተና ላይ ሁሉም ነገር የጠፋብሽ ዕድሜሽ ገፍቶ አይደለም። አራት ሰዓት የተኛ፣ የፈራ፣ ከፈተናው በፊት አንድም ቀን ከድኖ ራሱን ያልጠየቀ ማንም ሰው ይጠፋበታል። ልጆቹም ይጠፋባቸዋል፤ እነሱ ግን «ዕድሜዬ ነው» አይሉም። ለሲኦሲው የተግባር ክፍል ደግሞ ከእነሱ የተሻለ ዝግጁ ነሽ። ደረሰኝ በእጅሽ ይዘሽ ታውቂያለሽ፤ የጎደለ መሳቢያ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ። ክፍል ውስጥ ከጎንሽ ከምትቀመጠው ልጅ ጋር ተወዳጂ። እሷ ኮምፒውተሩን ታሳይሽ፣ አንቺ ዱቤን አሳያት።

የፊታችን ሰኞ ከዚያች ከስኳሩ ጀምሪ። ደንበኛው መጥቶ 200 ብሩን በጥሬው ከፈለሽ እንበል። የትኛው ሂሳብ ዴቢት ይሆናል፣ የትኛው ክሬዲት? መልሱን መጽሐፉን ሳትገልጪ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ጻፊልኝ። ከድኜ እጠብቅሻለሁ።